ጉዳዩ፦ መነጽሬ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለነቢዩ አገልግሎት የምስክርነት ክፍል
ባላችሁበት

የተወደዳችሁ አገልጋዮች፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ መስተንግዷችሁ ላመስግን። በር ላይ ፎርም የሞላችልኝ እህት ትጋት በየትኛውም ቀበሌ አይገኝም፤ ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ የእናት ስም፣ የሕመም ዓይነት፣ አንድም አልቀራት። እናቴ ወለላ ትባላለች። እህታችን መዝሙሩ ጮኾባት ነው መሰለኝ «ወለቴ» ብላ ጻፈች። ሰው በተሰበሰበበት ማረም ነውር ስለመሰለኝ ዝም አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ነቢዩ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ወደ እኛ ረድፍ ዘረጉና «ወለቴ የምትባል እናት ትታየኛለች፤ ልጇ ዓይኑን ያመዋል» አሉ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔ ግን ሰማይ ቤትም የሚያውቀን በእህታችን የእጅ ጽሑፍ መሆኑን ስረዳ ደነገጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ ፒተር ፖፖፍ የተባለ ፈዋሽ የሕሙማንን ስምና አድራሻ «ከላይ» እየሰማ ሲናገር፣ ጀምስ ራንዲ የተባለው ምትሃተኛ በሬዲዮ መቀበያ ጠልፎ ድምፁ የራሱ የፖፖፍ ሚስት መሆኑን አጋልጦበታል። እሷ ግን የሰው እናት ስም ስታሳስት አልሰማሁም።

አስተናጋጆቻችሁ ግራና ቀኝ ይዘው መድረክ ላይ አወጡኝ። ነቢዩ መነጽሬን ከዓይኔ መንጭቀው «ከዛሬ ጀምሮ አያስፈልግህም!» እያሉ ወደ ኋላ ወረወሩት። ከዚያ ጣት አወጡ፤ ስንት እንደሆነ አሁንም አላውቅም።

«ስንት ይታይሃል?»

«ነቢይ፣ እጅዎ ይታየኛል፤ ጣትዎን ግን መለየት አልቻልኩም።»

ማይክራፎኑ «እጅዎ ይታየኛል» እስክል ድረስ አፌ ላይ ነበር። የቀረውን ለራሴ ነው የተናገርኩት። ግንባሬን ገፉኝ፤ አልወደቅኩም። ደገሙኝ። ከኋላዬ የቆመው ወንድም በጆሮዬ «ውደቅ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!» አለና እግሬን ጠለፈልኝ። ስወርድ ደረጃውን ስቼ ኪቦርድ ተጫዋቹ ጭን ላይ ተቀመጥኩ። ምስኪን፣ ዜማውን እንኳ አላቋረጠም።

በሳምንቱ «ዓይኑ የበራለት ወንድም» ተብዬ በቴሌቪዥን ቀረብኩ። የእናቴ ጎረቤቶች እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት መጡ፤ እኔም ዓይኔ በራ የተባልኩት ሰውዬ ቡናውን ስቀበል ረከቦቱን ደፋሁት።

ቢሯችሁ መጥቼ መነጽሬን ስጠይቅ «መነጽር መጠየቅ ፈውስን መካድ ነው» ተባልኩና የስጦታ ገንዘብ የሚከተትበት «የዘር» ፖስታ ተሰጠኝ። ጠብ የለኝም፤ እግዚአብሔር መፈወስ እንደሚችል እኔም አምናለሁ። ካቶሊኮች ግን ፈረንሳይ ሉርድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ ሐኪሞች የተመደቡበት ቢሮ ከፍተው፣ ፈውሱ ድንገተኛ፣ ሙሉና ዘላቂ መሆኑን ዓመታት ወስደው ይመረምራሉ። እስከ ዛሬ በተአምርነት የታወጀው ከሰባ ጥቂት ቢበልጥ ነው። እናንተ ይህን ያህል በአንድ እሑድ፣ ያውም ከምሳ በፊት ትጨርሳላችሁ።

ደብዳቤዬን በዚሁ በትሕትና ልዘጋ ነበር። አልሆነልኝም። ከእኔ ቀጥላ የወጣችው ልጅ ስኳር በሽታ አለባት። «ተፈውሰሻል፣ ጣይው!» ተባለች፤ ኢንሱሊኗን ጣለች። መነጽሬን ስለወሰዳችሁት መልኳን አላየሁም፤ ብልቃጡ ሲሰበር ግን ሰምቻለሁ። ስኳሯን ማን ለካው? ማንም! መነጽር የተቀማ ሰው ይደናቀፋል፤ ኢንሱሊን የተቀማች ልጅ ትሞታለች። አናውቅም እንዳትሉ፣ ታውቃላችሁ! እልል ያለው ሕዝብም ያውቃል።

መነጽሬን ተዉት፣ ሌላ አሠርቻለሁ። የልጅቷ ስልክ ፎርማችሁ ላይ አለ። ዛሬውኑ ደውሉላትና «አልተፈወስሽም፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ» በሏት።