«ፎር» ነው «ኦፍ»?

በመሥሪያ ቤታችን «እንግሊዝኛ ዐዋቂ» ተብዬ ተሹሜያለሁ። ሹመቱ ደብዳቤ የለው፣ አበል የለው፤ ያለው ጥያቄ ብቻ ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ ከየጠረጴዛው አንገት ብቅ ይልና «ጋሼ፣ ሪዝን ኦፍ ነው ሪዝን ፎር?» ይመጣል። ትልልቁንማ ቃል ማን ፈርቶት! «ኢምፕሊመንቴሽን» ቢሉ፣ «ሰስቴነቢሊቲ» ቢሉ፣ ትናንት የተቀጠረው ልጅ ሳይቀር እንደ ጉድ ያወርደዋል። ሰው የሚያልበው ከስሙ ኋላ የምትገባው የሁለት የሦስት ፊደል መስተዋድድ ጋ ሲደርስ ነው። እኔም የሻይ ብርጭቆዬን ሳላስቀምጥ «ፎር!» እላለሁ። ዋናው ፍጥነቱ ነው፤ ትንሽ ካሰብኩ ከሹመቴ እሻራለሁ።

የምፈራው «ለምን?» ባዩን ነው። «ሪዝን»ም ምክንያት ነው፣ «ኮዝ»ም ምክንያት ነው፤ ታዲያ አንዱ «ፎር»ን ሌላው «ኦፍ»ን ምን አስመረጠው? «ኒድ ፎር ዋተር» ይባላል፣ «ላክ ኦፍ ዋተር» ይባላል፤ ለተጠማው ሰው ሁለቱም ያው ባዶ እንስራ ነው። የእንግሊዝኛ ስምና መስተዋድዱ እንደ ድሮ ጋብቻ ናቸው፤ ቤተሰብ በልጅነታቸው አጫጭቶ ጨርሶታል፣ እኛ የተጠራነው ለድግሱ ነው። ተጠርቶ ሄዶ «ግን እሷን ለእሱ ለምን?» የሚል እንግዳ ደግሞ የትም አይወደድም።

ይባስ ብሎ ግሱ ወንደላጤ የሆነበት ጊዜ አለ። «ዲስከስ» ብቻውን ይኖራል፤ «ዊ ዲስከስድ ዘ በጀት» ብሎ ያልፋል። ወደ ስምነት ተዛውሮ «ዲስከሽን» ሲሆን ግን «ኦፍ» ወይም «አባውት» ወይም «ኦን» አብራው ትገባለች። እኛ ደግሞ «ስለ በጀቱ ተወያየን» ብለን ያደግን ሕዝብ ነን፤ ወንደላጤ አይተን አያስችለንም። «ዊ ዲስከስድ አባውት» እያልን ያላሰበውን እንድረዋለን። እውነቴን ነው፣ ከዚህች «አባውት» የጸዳ ቃለ ጉባኤ በእጄ ገብቶ አያውቅም።

መዝገበ ቃላት አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። አለ። መደርደሪያ የሚያጎብጠውን የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ያላየ የለም። መነሻው ግን ኦክስፎርድ አይደለም። ኤ. ኤስ. ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ጃፓን ውስጥ ሲያስተምር ከባልደረቦቹ ጋር አዘጋጅቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ የታተመው እዚያው ጃፓን ነው፤ ኦክስፎርድ የደረሰበት በ1948 ነው። በ1986 ደግሞ ሁለት ቤንሰኖችና አንድ ኢልሰን ተሰባስበው፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ብቻ የሚናገር ወፍራም መጽሐፍ አወጡ፤ «ቢ ቢ አይ» ይባላል፣ በስማቸው መነሻ ፊደላት። ሁለቱም መጻሕፍት «ሪዝን ፎር» ነው ይሉሃል። ለምን እንደሆነ ግን እነሱም እንደ እኔ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ምክንያቱን አፌን ሞልቼ የማስረዳው አንድ ስም ላይ ብቻ ነው፤ «ኢንክሪስ»። የጨመረው ነገር «ኢን»ን፣ የጨመረው መጠን «ኦፍ»ን ይወስዳል፦ «አን ኢንክሪስ ኦፍ 10 ፐርሰንት ኢን ዘ ፕራይስ ኦፍ ጤፍ»። ይህን ማብራሪያ ስለምወደው ሳልጠየቅም እሰጣለሁ።

ቀልድ መስሎን እንዳናልፈው የሚያደርግ ነገርም አለ። አንድ የጤና ፕሮጀክት ረቂቅ ለእርማት መጣልኝ። ጸሐፊዋ ጎበዝ ልጅ ናት። ድርጅቱ በ3 ወረዳዎች ወባ ላይ ሊዘምት ነው፤ እሷ ግን «ኦን» ማለት ሲገባት «አን አታክ ኦፍ ማሌሪያ» ብላለች። በእንግሊዝኛው መሠረት በ3 ወረዳዎች ወባ ልናስነሣ፣ ለዚሁም ከለጋሾች ገንዘብ እየጠየቅን ነበር።

«አውቶሪቲ»ም እንዲሁ ነው። «አውቶሪቲ ኦቨር በጀት» ያለው ሰው በጀቱን ያዝበታል፤ «አውቶሪቲ ኦን በጀት» የሚባለው ደግሞ ስለ በጀት ጠንቅቆ የሚያውቀው ነው። በእኛ ቤት ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም፣ እንጀራዬ ነው። የፋይናንስ ኃላፊያችን ለማንኛውም ከሁለቱም የለበትም፤ እሱ ጋ እንግሊዝኛ አንድ መስተዋድድ ብቻ ነው ያለው፣ «ኦፍ»። «ዲማንድ ኦፍ ነዳጅ»፣ «ዳሜጅ ኦፍ መኪና»፣ «በጀት ኦፍ ሥልጠና»። ተጨንቆ አያውቅም፤ ፊቱም ወዛም ነው።

እንግሊዝኛውን ብቻ እንዳላማ፣ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ባልደረባ አለን። መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር፤ በታክሲ፣ በጠዋት፣ በዱላ፣ በሰዓቱ፣ በጎንደር፣ ሁሉም በ«በ»! በእሱ አገር ለእነዚህ ስንት መስተዋድድ ይቆማል። ደስታው «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ጋ ሲደርስ አለቀ። አንዲት ፊደል አንዱን ከነልጆቹ ቤቱ ስትሰደው ሌላውን እስር ቤት ታወርደዋለች። አንድ ቀን በስብሶ ገባና «ዘነበብኝ» በል አልነው። «ዝናቡ እኔን ምን አደረገኝ? ዘነበ እንጂ!» አለ። ለገበሬው ዘነበለት፣ ልብስ ላሰጣው ዘነበበት እያልኩ ዘረዘርኩለት። ሕጉን ጠየቀኝ። ሻዬን አነሣሁ።

ባለፈው ሰሞን ሠራተኛው የደመወዝ ጭማሪ ማመልከቻ ጻፈ። በእንግሊዝኛ ይሁን ተባለ፤ ይከብዳላ። አራሚው እኔ ነኝ። «ሪኩዌስት ፎር አን ኢንክሪስ ኢን ሳላሪ» ብዬ ጀመርኩ፤ ፎሩ በፎር ቦታ፣ ኢኑ በኢን ቦታ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ የሚነቀስ መስተዋድድ አልነበረበትም። ወረቀቱ ከፋይናንስ ኃላፊያችን ቢሮ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ተመለሰ፦ «ኖ በጀት ፎር ዚስ።»

ያቺ የወባዋ ልጅ ከትከሻዬ በላይ ሆና አነበበችው። «ጋሼ» አለችኝ፣ «ፎሩ ልክ ነው?»

ልክ ነው አልኳት።