ከጨጓራ የወጣ ግስ

እንግሊዞች አንድ ሰው በጥልቅ ሲያስብ «ሩሚኔት ያደርጋል» ይላሉ። ቃሉ ሲሰሙት ያስፈራል፤ መነጽር አድርጎ ቤተ መጻሕፍት የሚውል ይመስላል። ዘሩ ሲቆጠር ግን የሚገኘው በረት ውስጥ ነው። በላቲን «ሩመን» መጀመሪያ ጉሮሮ፣ ኋላም የላም ትልቁ ጨጓራ ነው፤ ከእሱ የወጣው ግስ ትርጉሙ «አመነዠከ» ነው። ሮማውያን ለከብቱም ለአሳቢውም ይጠቀሙበት ነበር። የመካከለኛው ዘመን መነኮሳትም ቅዱሱን ቃል እያነበነቡ ማሰላሰልን በዚሁ ስም ጠሩት። እንግሊዝኛ የተረከበው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ የእንግሊዝ ሊቅ አሰበ ሲባል አመነዠከ መባሉ ሆነ። ቅር ያለው አልታየም።

አንድን ቃል ከባለቤቱ ሳይጠይቁ መተንተን ነውር ስለሆነ ጥናቴን የጀመርኩት ከላሟ ነው። በሰፈራችን አስፋልቱ መሐል የምትተኛ አንዲት ቡሬ አለች። ሚኒባሶች ጡሩንባ ይነፋሉ፣ ረዳቶች ያፏጫሉ፣ እሷ ዓይኗን ከደን አድርጋ ታመነዥካለች። ሆዷ አራት ክፍል አለው፤ ከእነዚህ ትልቁ፣ ማለትም የማሰቢያው ክፍል፣ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ታመነዥካለች። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓትም ስምንት ነው፤ ስለ ግጥምጥሞሹ የምለው የለኝም።

አሠራሯ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያገኘችውን በደንብ ሳታኝክ ትውጣለች፤ ከዚያ ትተኛለች፤ ከዚያ የዋጠችውን ወደ አፏ መልሳ ማኘክ ትጀምራለች። ይህ ቅደም ተከተል ለሰው ልጅም እንግዳ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ውል ፈርሞ ከወር በኋላ የሚያነበውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አንዳንዶቻችንም በመስታወት አይተነዋል። ሳያኝኩ መዋጥ ጣጣ አለው። ላም ከሣር ጋር ምስማርና የሽቦ ቁራጭ ትውጣለች፤ ብረቱ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይቀመጥና አንዳንድ ጊዜ ግድግዳውን በስቶ ወደ ልቧ ይሄዳል። ሣሩ ተመልሶ ይታኘካል። ምስማሩ አይመለስም።

እንግሊዝኛ በላም ብቻ አልተወሰነም። «ፖንደር» የሚለው ሌላው ግሳቸው ከላቲኑ «መመዘን» የመጣ ሲሆን የገንዘባቸው የፓውንድ ዘመድ ነው፤ «ብሩድ» ደግሞ ዕንቁላል የታቀፈች ዶሮ ሥራ ነው። እንግዲህ ሦስት የእንግሊዝ ፈላስፎች አንድ ክፍል ውስጥ በሐሳብ ተውጠው ቢገኙ፣ በቋንቋቸው ምስክርነት አንዱ ላም፣ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ሚዛን የያዘ ባለሱቅ ነው።

የእኛስ? አማርኛ ለማሰብ ወደ በረት አልሄደም። ግሳችን ከግእዙ «ሐሰበ» የመጣ ነው፤ ቆጠረ፣ አሰላ ማለት ነው። ስለዚህ ሐሳብና ሒሳብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሰውዬውን ሲያስተክዘው ሌላው በካፌ ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ ይመጣለታል፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቀን። «ማውጠንጠን» ሲሆን ደግሞ ክር መጠንጠን ገባበት።

ሆድን ግን እኛም አልተውነውም። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚል ሕዝብ ዕውቀት የት እንደምትቀመጥ አላጣውም። ልዩነቱ የመንገዱ ነው። የእንግሊዙ ሐሳብ እንደ ላሟ ሣር ይወርድና ተመልሶ ይወጣል፤ የእኛ ወርዶ ይቀራል። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። በእኔ ግምት ይህ ባለ አንድ ክፍል ጨጓራ ለሆነ ፍጡር ከአካሉ ጋር የሚስማማ ነው፤ የጨጓራ ሕመም የበዛብን ለምን እንደሆነ ግን ሐኪሞች ይጠየቁ።

ወደ ላይ መመለሱም ቢሆን ጤና አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ ሱዛን ኖለን-ሆክሰማ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስለ ስሜታቸው አስቀድማ የጠየቀቻቸው የስታንፎርድ ተማሪዎች ነበሯት። በ1991 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሲከፋቸው መከፋታቸውን ደጋግመው የማመንዠክ ልማድ የነበራቸው ተማሪዎች ከመንቀጥቀጡ በኋላ ይበልጥ በድብርት ተያዙ። ሥነ ልቦና ዛሬ «ሩሚኔት» የሚለውን ቃል የሚጠቀምበት ለዚህ፣ እኛ ማብሰልሰል ለምንለው ነው። አማርኛ እዚህ ለመድረስ መሬት መንቀጥቀጥ አላስፈለገውም፤ «አታስብ» ያለው ሁሉ «አትጨነቅ» ማለቱ እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ሰውን ማሰብ በመከልከል የሚያጽናና ቋንቋ ነው ያለን።

የጥናቱን የተግባር ክፍል ያካሄድኩት አንድ ሥጋ ቤት ነው። ዱለት አዘዝኩ። የበግ ጨጓራ፣ ማለትም በእንግሊዞች አቆጣጠር የበጉ የማሰቢያ አካል፣ ከጉበትና ከቀይ ሥጋ ጋር ደቆ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ መጣ። ተሰብስበው በስውር የሚመካከሩ ሰዎችን ደግሞ «ዶለቱ» እንላለን። እንግሊዙ ከጨጓራ ፍልስፍና ሲያወጣ እኛ ከዚያው ጨጓራ ሴራ ማውጣታችን ነው ማለት ነው። ሁለቱን ቃላት ያጋባኋቸው እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ አልላክሁም፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

ዱለቱን አኝኬ፣ በደንብ አኝኬ፣ ስጨርስ አስተናጋጇን ጠራሁና «ሒሳብ አምጪልኝ» አልኳት።

«አያስቡ ጋሼ፣ ተከፍሏል» አለችኝ።

ማን እንደከፈለልኝ ይኸው እስከ ዛሬ አመነዥካለሁ።