ይድረስ ለክቡር ካርድ ክፍል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከርስዎ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ፤ ናፍቆቱም ቢሆን ቀጠሮዬ በየስድስት ወሩ ከመሆኑ የተነሣ ነውና በክፉ አይዩብኝ።

ከነጹት ዐሥር ለምጻሞች መካከል ለምስጋና የተመለሰው አንዱ ብቻ እንደ ነበረ ያነበበ ሰው፣ ከ20 ዓመት በላይ ነፃ መድኃኒት ሲውጥ ኖሮ አንዲት የምስጋና መስመር ሳይጽፍ ቢሞት በዕለተ ምጽአት መልስ ያጣልና፣ ዘግይቼም ቢሆን ብዕሬን አንሥቻለሁ። ለመሆኑ ይህች «ነፃ» የምትባል ቃል በርስዎ ግቢ ስንት ትርጓሜ እንዳላት አስተውለዋልን? ተመርምሮ የኤች አይ ቪ ቫይረስ ያልተገኘበት ሰው «ነፃ ነህ» ይባላል፤ የተገኘበት ደግሞ መድኃኒቱን በነፃ ይወስዳል። እንግዲህ እኔ ነፃ ባለመሆኔ ነፃ የተሰጠኝ ሰው ነኝ፤ የአንድምታ መምህራን ቢያገኟት አንድ ሳምንት የሚከርሙባት ቃል ናት።

መድኃኒቱ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በዋጋ ይሰጥ በነበረ ጊዜ፣ ከእኔ ጋራ በአንድ ወር የተመረመረ የመሥሪያ ቤት ባልንጀራዬ የሚስቱን ወርቅ ሽጦ ጥቂት ወራት ከገዛ በኋላ የሚሸጠው ነገር አለቀበትና ዐረፈ። እኔ የሚሸጥ ወርቅ ከመጀመሪያውም አልነበረኝም፤ በ1997 ዓ.ም. የነፃው ሕክምና ሲጀመር በሕይወት መገኘቴንም ከብልኀቴ አልቈጥረውም። በዚህ ነገር አልቀልድም።

መኖሪያዬ ደብረ ብርሃን ነው። እዚያም ሆስፒታል አለ፤ ዳሩ ግን በካርድ ክፍሉ የተቀመጠችው የዕድራችን ጸሐፊ ልጅ ስለ ሆነች፣ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተሳፍሬ ከርስዎ ዘንድ እመጣለሁ። አውቶቡሱ ነፃ አይደለም፤ የማድርበትም አልጋ እንዲሁ። ወደ አገሬ ስመለስ የመድኃኒቱ ብልቃጥ በመንገዱ ጕድጓድ ሁሉ እንደ ጸናጽል ስለሚንሿሿ፣ አጠገቤ የተቀመጠ መንገደኛ ምን ማኅሌት ነው ብሎ እንዳይጠይቀኝ ጥጥ እጐስርበታለሁ፤ በላዩ የተለጠፈውንም ጽሑፍ በውኃ ነክሬ እልጠዋለሁ።

ይህን ሁሉ ደክሜ የሸሸግሁትን ነገር እርስዎ ከመስኮትዎ ብቅ ብለው፣ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጠርተው «12 ቁጥር!» ባሉ ጊዜ፣ በአግዳሚው ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ እንደ ቅዳሴ ተሰጥዖ ባንድነት ወደ እኔ ዘወር ይላል፤ 12 ቁጥር ክፍል ምን እንደ ሆነ ከዘበኛው እስከ ሻይ ሻጪዋ ድረስ የማያውቅ የለምና። እንጦጦ ማርያም ጠበል በምመላለስበት ዘመን ቄሱ የጠየቁኝ የክርስትና ስሜን ብቻ ነበር፤ አያቴን የፈለጋቸው አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ሐኪሟ የደሜን ውጤት አይታ፣ ማታ ማታ የምውጣት አንዲት ክኒን፣ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተዋሐዱባት ማለት ነው፣ ቫይረሱን እጅግ ስላደከመችው መሣሪያው ሊያገኘው እንዳልቻለ፣ ይህም ጸንቶ እስከ ቈየ ድረስ በሩካቤ ወደ ሌላ ሰው እንደማይተላለፍ ነገረችኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ከላቦራቶሪ መሣሪያ የተሰወረ ነገር ከርስዎ ድምፅ ሊሰወር አለመቻሉን ሳስብ፣ መንግሥት ያን ሁሉ ውድ መሣሪያ ከባሕር ማዶ ከሚያስመጣ እርስዎን ላቦራቶሪ ውስጥ ቢያስቀምጥ ይሻል ነበር እላለሁ።

ጽናትዎን ግን ማድነቅ ይገባኛል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ለ90 ቀን አግዶ፣ በዚያው ገንዘብ በአገራችን የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ሲቋረጥ፣ በ12 ቁጥር ትመክረን የነበረችው፣ ራሷም እንደ እኛው መድኃኒቱን የምትውጠው ሴት፣ ያለ ስንብት ቀረች። ቀጠሮ ያሳለፈውን ሰው ስልክ ደውላ፣ ባይገኝም ሰፈሩ ወርዳ የምትፈልግ እርስዋ ነበረች፤ በዚያ ግቢ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር የምታውቅም እርስዋ ብቻ ነበረች። እርስዎ ግን በመንግሥት በጀት የቆሙ ስለ ሆኑ ወጀቡ አላናወጠዎትም፤ መስኮትዎ አልተዘጋም፣ ድምፅዎም አልደከመም።

የሚቀጥለው ቀጠሮዬ በኅዳር ነው። ካርዴ ለሦስተኛ ጊዜ መጥፋቱን ባለፈው ነግረውኛል፤ እኔን ለሰልፍ ሁሉ ያስተዋወቀ ካርድ በገዛ መደርደሪያዎ ላይ ባይተዋር መሆኑ ቢደንቀኝም፣ እስከዚያ ድረስ ፈልገው እንዲያገኙልኝ፣ ስጠራም በክርስትና ስሜ፣ ይህም ከሥርዓት ውጭ ከሆነ ወደ እኔ ተመልክተው በሳል ብቻ እንዲያመለክቱኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አክባሪዎ፤
ስሜን እርስዎም ሰልፉም ስለምታውቁት መጻፍ አላስፈለገኝም።