ለአባወራው ዕረፍት ይሰጠው

በፋሲካ ዋዜማ እንደ አባወራው የሚደክም ማን አለ? ሴቶቹማ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሥራ ደግሞ ሰውነት ያፍታታል። እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ምንም እንዳይጓደል በዓይኑ ይጠብቃል። 55 ቀን ጾሞ፣ የቁሌት ሽታ ከጓዳ እየመጣበት፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ቀላል ነገር መሰላችሁ? ስለዚህ ዛሬ ጥብቅና ቆሜለታለሁ።

በመጀመሪያ፣ ሥራ አይሠራም የሚለው ሐሜት ይታረም። ዶሮዋን የሚያርዳት ማን ሆነና! በስመ አብ ብሎ ቢላዋውን አንድ ጊዜ ያሳርፋል፤ እጁን ይታጠባል፤ ፎጣ የምታቀብለው ልጅ ከዘገየች ይቆጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቃቅን ነገር ነው፦ በፈላ ውሃ ነክሮ ላባዋን መንጨት፣ በእሳት መለብለብ፣ 12 ብልቷን ሳያዛንፉ ማውጣት፣ በሎሚና በጨው ውሃው ኩልል እስኪል ደጋግሞ ማጠብ፣ ያንን ሁሉ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፎ በደረቁ ማብሰል፣ በርበሬው እንዳያር እያማሰሉ ምድጃው ሥር መዋል፣ እንቁላሉን መቀቀል፣ ድፎውን በኮባ መድፋት፣ ጠላውን ማጥለል። አባወራው በጥቃቅን ነገር አይገባም። «በርበሬው አልበዛም?» ብሎ ከሳሎን ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ባይኖር ወጡን ምን ይውጠው ነበር?

ሴትዮዋ በነፃ ትሠራለች ያለውስ ማነው? «ባለሙያ ናት» ይባልላታል እኮ! ግብር የማይቆረጥበት፣ ሌባ የማይሰርቀው ክፍያ ነው፤ ችግሩ ገበያ ሲወጡበት ሽንኩርት አለመግዛቱ ብቻ ነው። አማት ካሉ ደግሞ ጭማሪ አለ፤ አንዴ ቀምሰው «ደግ ነው፣ ትለምደዋለች» ይላሉ። ሃያ ዓመት የሠራች ሴት ይህን ስትሰማ ምን ያህል እንደምትበረታታ አስቡት። በቴሌቪዥኑ በኩል የበዓል ዝግጅት እየተላለፈ ነው፤ የተጋበዘው ዝነኛ ሰው «እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ» ሲል ስቱዲዮው በጭብጨባ ይናወጣል። ጓዳ ውስጥ ግን ጭብጨባ አይሰማም፤ እጅ ሁሉ ተይዟላ!

የእጅ ሥራውም እንደዚሁ ነው። ሳሎኑ ጥግ የቆመው መሶብ እመቤቲቱ አለላውን ቀለም ነክራ፣ በወስፌ እየወጋች፣ ዓይኗን አፍዝዛ የሰፋችው ነው። ለእንግዳ ሲያሳይ ግን አባወራው «መሶባችን» ይላል። ነጠላዋንስ ተመልከቱ፤ ጥጡን በመዳመጫ ፈልቅቀው፣ በደጋን ነድፈው፣ በእንዝርት የፈተሉት እናቷ ናቸው። «እጅህ ይባረክ» የሚባለው ሸማኔው ነው። እሱ መመስገኑ ደግ ነው፤ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት እኮ የሸማኔውና የቀጥቃጩ ደሞዝ ስድብ ስለነበረ ነው። ፈታይዋን ግን የሚሰድባትም አልነበረም፤ ማን አስታውሷት!

ዘንድሮ በአንድ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የታሰረ በግ ገመዱን ፈትቶ ገባና ለአዲስ መሶብ ተነክሮ የደረቀውን አለላ ቆረጣጥሞ ጨረሰው። ሴትዮዋ ጮኸች፤ ልጆቹ በሳቅ ወደቁ፤ አባወራው ከሶፋው ሳይነሳ «ማነው ያሰረው?» ብሎ አምባረቀ። ያሰረው እሱ ነበር። ከዶሮዋ ቀጥሎ በዕለቱ የሠራት ሁለተኛዋ ሥራ ያቺ ነበረች።

አንዳንድ ሰዎች ሕግ ይጠቅሱብኛል። ሕግማ ድሮ ቀረ! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል መሆኑን ደንግጎ፣ ባል ለሚስቱ አገልጋይ ማቅረብ ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያዝዝ ነበር። እንዴት ያለ አርቆ አሳቢ ነው! አገልጋይ ከሌለ እሷ፤ እሷ ከታመመችስ? እዚያ ላይ ሕግ አውጪው ዝም ብሏል፤ እሱም ሶፋ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ኋላ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ መጣና ባልና ሚስት በቤተሰብ አመራር እኩል ናቸው አለ። ደንበኛዬ ሹመቱን በወረቀት ተገፈፈ። ሶፋውን ግን የነካበት የለም።

ያ በግ የገባበት ቤት ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጾሙን ሊገድፍ መሶቡን ከበበ። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ ያበጠው ልጅ ግን ጭልፋውን አነሳችና ፈረሰኛውን ለእናቷ አወጣችላት። ቤቱ ጸጥ አለ። አባወራው ወደ እኔ ዞረ። እኔም ጠበቃ ነኝና አዋጁን ከዳር እስከ ዳር ገለበጥኩት፤ ስለ ፈረሰኛ የሚናገር አንቀጽ አጣሁ። ደንበኛዬ በመላላጫ እንዲታረቅ መክሬዋለሁ።