ገመና በቲኬት

ዘንድሮ ሰው ጉዱን ሸፍኖ መኖር አቅቶታል። በእኛ ጊዜ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጎረቤት እንዳይሰማ የሬዲዮው ድምፅ ከፍ ይደረግ ነበር፤ አሁን የባልና ሚስቱን ጠብ የሚያወራው ሬዲዮው ራሱ ሆኗል። ይህን ያናገረችኝ ቲፋኒ ሃዲሽ የምትባለዋ ተዋናይና ቀልደኛ ናት። የልጅ ልጄ፣ “አባባ፣ የእኛው ልጅ ናት እኮ!” ትለኛለች። የእኛ ልጅማ ብትሆን ያን ሁሉ ጉድ በማይክራፎን ታወጣው ነበር?

እርግጥ አባቷ በስደት የመጡ ኤርትራዊ ናቸው። እሷን እዚህ ሎስ አንጀለስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1979 ወለዱና፣ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ከቤት ወጥተው ቀሩ። (እዚህ ላይ አስመራም በል አዲስ አበባ፣ የወንድ ልጅ ጉድ ድንበር አያግደውም።) እናቷ ደግሞ በመኪና አደጋ ጭንቅላታቸው ተጎድቶ አእምሯቸው ታወከ፤ ልጆቹም በመንግሥት በኩል ለየአሳዳጊው ተበተኑ። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ ለንስሐ አባት፣ ያውም ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚነገር ነው። እሷ ቲኬት አስቆርጣ ትናገረዋለች።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከጅምሩ ነው። ትምህርት ቤት ስታስቸግር ጊዜ፣ ጉዳይዋን የያዘችው የመንግሥት ሠራተኛ፣ “ወይ የሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ፣ ወይ ላፍ ፋክተሪ የቀልድ ሥልጠና ትገቢያለሽ፤ ምረጪ” አለቻት። ይሄ ምርጫ ነው? እኛ ስናስቸግር ምርጫው አርጩሜው ከየትኛው ዛፍ ይቆረጥ የሚል ነበር። ላፍ ፋክተሪ ሰንሴት ጎዳና ላይ ነው። ከተማው በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ስም ካወጣላት ከእኛ ሰፈር ተነሥቶ ፌርፋክስን ሽቅብ የሄደ ሰው ሰንሴት ሲደርስ ጥቂት እልፍ ብሎ ያገኘዋል። እኛ በፌርፋክስ በዚህኛው ጫፍ ቡና ይዘን ስለ ደርግ ስንጨቃጨቅ፣ በዚያኛው ጫፍ ልጅቷ በመከራዋ ሰው ታስቅ ኖሯል። 

እዚያ ሥልጠና ላይ ታላቁ ቀልደኛ ሪቻርድ ፕራየር መጥቶ፣ ሰው የሚመጣው ሊዝናና እንጂ ችግር ሊሰማ አይደለም፤ አንቺም መድረክ ላይ ስትወጪ ተዝናኚ ብሎ መክሯት ነበር። ልክ ብሏል። ችግር መስማት የፈለገማ እኔ ዘንድ ይመጣል። እሷ ግን ከምክሩ መዝናናቱን ብቻ ወስዳ ችግሩንም ማውራት ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው። ከአሥር ዓመት በላይ በአይሁድ ልጆች ባር ሚትስቫ ድግስ ላይ እንግዳ እያስጨፈረች ኖረች፤ መኪናዋ ውስጥ ያደረችበትም ጊዜ ነበር። ያኔ ነው ቀልደኛው ኬቨን ሃርት ማደሪያ ፈልጊበት ብሎ 300 ዶላር የሰጣት። አንዳችን ብንሆን ኖሮ 20 ዶላርና የሁለት ሰዓት ምክር ነበር የምንሰጣት።

በ2017 እሷ የተወነችበት “ገርልስ ትሪፕ” የሚባለው ፊልም ወጣና ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። እሱን የልጅ ልጄ ከጎኔ አስቀምጣ አሳየችኝ። እሷ በግሬፕፍሩት የምታሳየው ያ ነውር ሲመጣ ወዴት ልግባ? መነጽሬን አወለቅሁ። ያለ መነጽርም ይታያል። ከዚያ ወዲህ ሐኪሜ “ፍራፍሬ ያዘውትሩ” ሲለኝ ፊቱን ማየት ያሳፍረኛል።

በዚያው ዓመት ኅዳር “ሳተርደይ ናይት ላይቭ” የሚባለውን የቴሌቪዥን ዝግጅት እንድትመራ ተጠራች፤ ከጥቁር ሴት የስታንድ አፕ ኮሜዲያኖች የመጀመሪያዋ ናት፤ በኋላም ኤሚ ሸለሟት። እኔን የገረመኝ ቀሚሱ ነው። ከ4,000 ዶላር በላይ ያወጣችበትን ነጭ ቀሚስ ለፊልሙ ምረቃ ለበሰችው፤ እዚያ መድረክ ላይ ደገመችው፤ በ2018 ኦስካር ላይ ሠለሰችው። ይህን አደንቃለሁ። የእኛ ሴቶች በአንዱ ሠርግ የለበሱትን በሌላው አይደግሙም፤ “ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጥቷል” ይላሉ። የሚከፍለው ግን ፌስቡክ አይደለም።

ታዲያ በዚያው የኦስካር ቀን ቀይ ምንጣፉ ላይ የታየችው በኤርትራ ባህል ልብስ፣ ካባ ደርባ ነው። በቀደመው ዓመት ላረፉት አባቷ ክብር ነው አለች። በሦስት ዓመቷ ጥለዋት ለሄዱት! እኔ ከልጆቼ አጠገብ አንድ ቀን ጠፍቼ አላውቅም፤ ለልደቴ የመጣልኝ ካልሲ ነው።

መውደቅም አልቀረላትም። በ2018 የመጨረሻ ሌሊት ማያሚ ላይ ቀልዱ ጠፍቶባት ሰው እየተነሣ ወጣ። የእኛዎቹ ቀልደኞች ልመንህና አለባቸው ሁለት ሆነው ሲቀልዱ፣ አንዱ ቢረሳ ሌላው ያነሣለት ነበር፤ ይቺ ብቻዋን ቆማ ማን ያንሣላት? ደብቃው እንኳ ብታልፍ ምናለ! ተበላሽቶብኛል ብላ በአደባባይ ተናገረች። በዓመቱ፣ 40 ዓመት በሞላት ቀን፣ “ብላክ ሚትስቫ” የተባለውን የቀልድ ዝግጅቷን አወጣች። እሱም በ2021 ግራሚ አስገኘላት። በቀልድ አልበም ከጥቁር ሴቶች ሁለተኛዋ ናት፤ የመጀመሪያዋ ዉፒ ጎልድበርግ በ1986 ነበረች። በመሃል ሠላሳ አምስት ዓመት! ግሪን ካርድ እንኳ እንዲህ አይዘገይም።

አሁን የልጅ ልጄ ነርሲንጉን ትታ ቀልደኛ ልሁን እያለች ነው። ስቆጣ ስልኳን አውጥታ የምለውን ትጽፋለች። “ምንድን ነው የምትጽፊው?” ስላት፣ “አባባ፣ እርስዎ እኮ ሀብት ነዎት” ትለኛለች። እንግዲህ ፌርፋክስ የምትመላለሱ ወገኖቼ፣ አንዲት ልጅ ማይክራፎን ይዛ ስለ አንድ ነጭናጫ ሽማግሌ ስታወራ ብትሰሙ፣ እሳቸው አይደሉም በሉልኝ። ካልሲውን ካነሣች ግን መካድ አይቻልም፤ ቢያንስ በነፃ እንድታስገባኝ አማልዱኝ።