የማያቃስት በሽተኛ

ዕድሜ ደጉ! የፕላስቲክ ሰው ታሞ በኢንተርኔት ሲታከም ለማየት በቃሁ። የነርሲንግ ተማሪዋ የልጅ ልጄ ጣና ዳር ዘምባባ ሥር ቁጭ ብላ ስልኳን ትዳብሳለች። ምን እየሠራሽ ነው ብላት «በሽተኛ እያየሁ ነው አባባ» አለችኝ። የታል በሽተኛው? «ሰርቨር ላይ ነው።» እግዜር ይማረው ብዬ አለፍኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

እኔ የድሮ ድሬሰር ነኝ። በእኛ ጊዜ የመስታወት ስሪንጅ በላምባ ምድጃ ተቀቅሎ፣ የደነዘ መርፌ በድንጋይ ተስሎ ነበር ሰው የሚወጋው። መጀመሪያ የምንለማመደው ብርቱካን ላይ ነው። ብርቱካኑ ሲያበቃ ይበላል፤ ይኼ ፕላስቲክ ምን ሊሆን ነው? የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ እንኳ በስደት ዘመን ለንደን ነርስነት የተማሩት ሆስፒታል ገብተው፣ የበሽተኛ አልጋ አንጥፈው ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅም ተማሪዎቹን ገጠር እያወጣ ነበር ሙያ የሚያስለምድ።

የአሁኑ «የርቀት ላብራቶሪ» ይባላል። መሣሪያው ወይም የፕላስቲክ በሽተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ካሜራ ይተከልበታል፤ ተማሪው ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ያዝዘዋል፤ ውጤቱን ስክሪን ላይ ያነባል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ሲዘጋ የርቀት ትምህርት ወሬ ደራ። መልካም! በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ከክልላችን ሲጠፋ ያንን በሽተኛ ማን ባስታመመው ነበር? የጣና ውሃ በለስ የኃይል ማመንጫ ላይ ሲወርድ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል ይባላል፤ እኛ እዚሁ ጣና ዳር ሻማ እንገዛለን። የልብ ምት ስትቆጥር መብራት ቢሄድባት በሽተኛው ሞተ ነው ወይስ ጠፋ ነው የሚባለው?

ለመሆኑ የፕላስቲክ ሰው ከየት መጣ? ደረት እየተጫኑ ሕይወት ማትረፍ የሚያስተምረውን ዝነኛ አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ሌርዳል የሚባል ኖርዌያዊ መጫወቻ ሠሪ ነው። ይኸው! መጫወቻ ነው ስል ሰሚ አጣሁ እንጂ።

ይኼን ስላት የልጅ ልጄ ሳቀች። «አባባ፣ አንገትዎ ላይ ያንጠለጥሉት የነበረው ማዳመጫስ? ላኔክ የሚባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እኮ እ.ኤ.አ. በ1816 ጆሮውን ሴት ደረት ላይ መለጠፍ ቢያፍር ወረቀት ጠቅልሎ ሲያዳምጥ የተጀመረ ነው።» ከበሽተኛ መሸሽ የተጀመረው በእናንተ ነው ማለቷ ነው። መልስ አጣሁ፤ ስለዚህ ተቆጣሁ።

ቢሆንም ያ የስክሪን በሽተኛ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ አይዋሽም። «ደረቴን ያመኛል» ብሎ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። እስቲ ከዘጌ በጀልባ የመጣ ሽማግሌ ያቅርቡላት! ትኩሳቱ 39 ደርሶ «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። የት ያምዎታል ሲባል ዘመዶቹ ተሻምተው ይመልሱለታል። አንዷ «ጠበል ጀምሮ ነበር» ስትል ሌላዋ ምን አስቀባጠረሽ በሚል ዓይን ታፈጥባታለች። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ጣራ ጣራውን ያያል። ይኼን የሚያስተምር ሰርቨር ካለ እኔም እመዘገባለሁ።

አሻንጉሊቱንማ እንዳሻቸው ይውጉት። እጃቸውን በእኔ ክንድ ከሚያሟሹ በእሱ ቢያሟሹ ይሻለኛል። ወደ እኔ ሲመጡ ግን «እንዴት አደሩ»ን ደጋግመው ይጠይቁ፤ የመጀመሪያዋ መልሴ ለወግ ናት፣ ሁለተኛዋም እንደዚያው፤ በሽታዬን የምናገረው በሦስተኛዋ ነው።