የጀልባ ኢቃማ

ኧረ ተዉን እናንተዬ! ከኢቃማው (ከመኖሪያ ፈቃዱ)፣ ከፓስፖርት፣ ከጣት አሻራ ጣጣ ተገላገልን ስንል ደግሞ ጀልባም የት ተወለድሽ ትባል ጀመር?

ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሳለን በብሉ ናይል፣ ያው በዓባያችን ላይ ከሚመላለሱት ጀልባዎች አንዷን እንኳ ማን ሠራሽ ያላት አላየንም። ዓርብ ማታ ባለጀልባው ሂሳቡን ይቀበላል፣ ቤተሰቡ ይሳፈራል፣ ሙዚቃው ይለቀቃል፣ አለቀ። (የመንሳፈፊያ ጃኬት የታለ ያለም አልነበረም፤ እሱስ በተጠየቀ!) በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በየአገሩ በተነን። ቀደም ብሎ አሜሪካ የገባው ወዳጃችን ግን ዛሬም ውሃ አማረው። ያገለገለች፣ ፈረንሳይ የተሠራች ጀልባ ገዛ።

ወዳጅ ዘመድ ጭኖ ሲዞር ቢውል ማንም አይናገረውም። አንድ ሰው ከፍሎ ከተሳፈረ ግን ነገሩ ንግድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ ያለው ሕግ ይመጣበታል። በአገር ውስጥ ውሃ ተሳፋሪ በክፍያ የምታመላልስ ጀልባ እዚያው አሜሪካ የተሠራች መሆን አለባት። የሚያናድደው፣ ሞተሩን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ከጃፓን ቢመጣም ግድ የላቸውም። ጣጣው የጀልባዋ አካል ላይ ነው።

ማምለጫ አለ ይሉናል። ከ12 ተሳፋሪ በላይ የማትጭን፣ ቢያንስ 3 ዓመት የሞላት ከሆነች 500 ዶላር ከፍሎ ማመልከት ነው። ከዚያ ስሟ፣ ሥራዋና የምትሠራበት አካባቢ በአደባባይ ይወጣል፤ ጀልባ ሠሪዎችም፣ በዚያው ውሃ የሚነግዱትም «ትጎዳናለች» ማለት ይችላሉ። ሱቅ ለመክፈት የጎረቤት ባለሱቅን ፊርማ አምጣ እንደማለት! አገር የራሱን መርከብ ሠሪ ቢጠብቅ ይገባናል፤ ጦርነትም አለ፣ ክፉ ቀንም አለ። ግን በ12 ሰው መቀመጫ የትኛው የመርከብ ፋብሪካ ይዘጋል?

አገራችን ኢትዮጵያ ደግሞ የጀልባ ጣጣው ሌላ ነው። ጣናነሽ 2 የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደ ባሕር ዳር በየብስ ስትጎተት ፈተናዋ የትውልድ ወረቀት ሳይሆን መንገዱ ነበር፤ ለመርከብ ያልተሠራ መንገድ።

ወዳጃችን ማመልከቻው ገና አልተመለሰለትም። ጀልባዋ ማቆሚያ ላይ ናት፣ የማቆሚያው ኪራይ ይቆጥራል። አሜሪካ የደረስነውን እሁድ እሁድ በነፃ ያዞረናል። ባለፈው ለነዳጅ እናዋጣ ብንለው ገንዘቡን መልሶ ኪሳችን ከተተው፤ «ኧረ በማርያም፣ ንግድ ነው እንዳይሉኝ!»